ጠባብ ክፍልን በቀለም ሰፋ ብሎ እንዲታይ ማድረግ፦ ደረጃ በደረጃ

ጠባብ ክፍል ያለው ሰው ምክር ከጠየቀ መልሱ የታወቀ ነው። «ነጭ ቀባውና ተገላገል» ይባላል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው እንጂ። ዙሪያቸውን ነጭ ተቀብተው አሁንም የሚያፍኑ ክፍሎች ሞልተዋል። ጥቁር ሰማያዊ ተቀብተው ደግሞ ጥጋቸው የት እንዳለ የሚያሳስቱ አሉ።

ዓይን ስፋትን በሜትር አይለካም። ግድግዳው የት እንዳለቀ፣ ኮርኒሱ የት እንደጀመረ፣ በሩ የት እንደቆመ እያየ ነው የሚገምተው። እነዚህ ድንበሮች ከጎሉ ክፍሉ ተቆራርጦ ይታያል። የተቆራረጠ ነገር ደግሞ ትንሽ ይመስላል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ብርሃን ማብዛትና ድንበር ማደብዘዝ። «የቱን ቀለም ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምርና እዚያው ይቀራል።

1. ከቀለሙ በፊት ብርሃኑን እዩ

አንድ ሙሉ ቀን ክፍሉን ተከታተሉት። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ አመሻሽ፣ ማታ ደግሞ መብራት በርቶ። ፀሐይ መቼ ትገባለች? ቀኑን ሙሉ የሚጨልመው ጥግ የቱ ነው? ክፍሉን በብዛት የምትጠቀሙበትስ መቼ ነው? ማታ ብቻ የሚገባበት መኝታ ቤት በቀን ብርሃን ተመርጦ ቢቀባ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ጠዋት ሞቅ ያለ ብርሃን ያስገባል፤ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል። ወደ ምዕራብ የሚያየው ተቃራኒው ነው፤ ወደ ማታ ላይ ግድግዳውን ብርቱካናማ ያደርገዋል። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል የሚያገኘው የሰማይን ብርሃን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንዲህ ያለውን ክፍል ግራጫ ወይም ጥርት ያለ ነጭ ብትቀቡት ግድግዳው የጠራ ሳይሆን የቆሸሸ ይመስላል። እዚያ ላይ ትንሽ ቢጫ ወይም ትንሽ ሮዝ ጠብ ያለበት ነጭ ይሻላል።

ውጭውንም እዩ። መስኮቱ ፊት ለፊት ዛፍ ካለ ግድግዳችሁ ላይ አረንጓዴ ይወድቃል። ቀይ ጡብ ካለ ክፍሉ ቀላ ይላል። የወለሉም ነገር እንዲሁ ነው። ቀላ ያለ ጣውላ ወይም ሴራሚክ ቀለሙን ወደ ግድግዳው የታችኛው ክፍል ይረጫል።

አምፖሉን አትርሱ። ማሸጊያው ላይ በኬልቪን (የብርሃንን ቀለም በሚለካው መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር አለ። 2700 ገደማ ቢጫማ ነው። 4000 ገደማ መካከለኛ ነጭ፣ 6500 ገደማ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። መጀመሪያ አምፖሉን ወስኑ፣ ከዚያ ቀለሙን ምረጡ። ቀለም ከተቀባ በኋላ አምፖል መቀየር ማለት ቀለሙንም መቀየር ማለት ነው።

2. የክፍሉን ችግር ለዩ

ሁሉም ጠባብ ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ጭንቅላት ላይ የተጫነ ነው። ሌላው ረጅምና ቀጭን ነው። አንዱ በስፋቱ ምንም አይልም፤ ግን በር፣ ቁም ሳጥን፣ ምሰሶና ቧንቧ ቆራርጠውታል። ሌላው ደግሞ ችግሩ ጨለማ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ውስጥ እዩና ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ በሉ። ያ ነገር ነው መጀመሪያ መፍትሔ የሚፈልገው።

3. የቀለሙን የማንጸባረቅ ቁጥር ተመልከቱ

ብዙ የቀለም አምራቾች ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ቁጥር ያወጣሉ፤ ኤልአርቪ ይባላል። ቀለሙ ከወደቀበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚሰጥ የሚነግር ነው። ጥቁር ወደ 0 ይጠጋል፣ ነጭ ወደ 100። የቀለም ካርዱ ጀርባ ላይ ወይም ካታሎጉ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ካጣችሁት ሻጩን ጠይቁ።

ይህ ቁጥር ከቀለሙ ስም የበለጠ ይጠቅማል። «የማለዳ ጤዛ» ወይም «የበረሃ አሸዋ» የሚል ስም ስለ ክፍላችሁ ምንም አይናገርም። 72 የሚል ቁጥር ግን ይናገራል። ለጠባብ ክፍል ግድግዳ ከ60 በላይ የሆነውን እመርጣለሁ። መስኮቱ ትንሽ ከሆነ ከ70 በላይ፣ ለኮርኒስ ከ80 በላይ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀለም ብርሃን አይፈጥርም፤ ያገኘውን ነው የሚመልሰው። ብርሃን በሌለበት ጥግ 90 የሆነ ነጭም የሚመልሰው ነገር ስለሌለው ግራጫ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚፈልገው ተጨማሪ መብራት ነው፤ ሦስተኛ እጅ ነጭ ቀለም አያድነውም።

4. የቀለሙን ቤተሰብ ምረጡ

ቀዝቃዛ የሚባሉት፣ ማለትም ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወደ እነሱ የሚያደላ ግራጫ፣ ከዓይን ወደ ኋላ የሚሸሹ ይመስላሉ። ቀይ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ቢጫ ወደ ፊት ይመጣሉ። ሠዓሊዎች ይህን ከጥንት ጀምረው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊና ፈዛዛ ሆኖ ይታያል፤ በመሃል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትን ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻዎቹ ስለዚሁ ጽፏል፤ ርቀትን ለማሳየት የሩቁን ነገር ሰማያዊ አድርጉት ይላል። በግድግዳም ላይ ዘዴው ያው ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ሰማያዊ ያሰፋል» ሲባል ጭልጥ ያለውን ደማቅ ሰማያዊ ገዝቶ ይመጣል። ወደ ኋላ የሚሸሸው ፈዘዝ ያለው፣ ትንሽ ግራጫ የተቀላቀለበት ነው። ደማቅ ቀለም፣ ሰማያዊም ይሁን ቀይ፣ «እዚህ ነኝ» ይላል። የድምቀቱ ነገር ከሙቀትና ቅዝቃዜው እኩል፣ እንደውም በላይ፣ ወሳኝ ነው።

ሞቅ ያለ ቀለም የሚወድ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ፈዛዛ ክሬም፣ በጣም የቀጠነ ሮዝ፣ ወይም ወተት የመሰለ ቡናማ ክፍሉን አያጠቡትም። ቀጥታ ፀሐይ ለማይገባበት ክፍል ደግሞ ከቀዝቃዞቹ ይበልጣሉ።

5. የቱ የት ይቀባ?

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ጥሩ ቀለም በተሳሳተ ቦታ ከመቀባት፣ ተራ ቀለም በትክክለኛው ቦታ መቀባት ይሻላል።

ከኮርኒሱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኑ ማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የክፍልን ቁመት እንዲገምቱ ተደርጎ ነበር። ኮርኒሱ ነጣ ሲል ክፍሉ ከፍ ያለ መሰላቸው። ግድግዳው ነጣ ሲልም እንዲሁ። በኮርኒሱና በግድግዳው መካከል ያለው ልዩነት ግን በራሱ የጨመረው ነገር አልነበረም። የወለሉ ንጣትም ለውጥ አላመጣም። «ኮርኒሱ ከፍ እንዲል ግድግዳውን አጥቁሩ» ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ መልስ ነው። ሁለቱንም አንጡ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይሠራሉ።

እኔ የምመርጠው የግድግዳውን ቀለም ለኮርኒሱ በነጭ አቅጥኖ መጠቀም ነው። ቀለም ቀያጩን «ይህንኑ በግማሽ አድርግልኝ» ብትሉት ይገባዋል። እንዲያ ሲሆን ድንበሩ አለ፣ ግን አይጮህም። ኮርኒሱ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም ጣሪያው ያዘመመ ከሆነ፣ ግድግዳውንም ኮርኒሱንም በአንድ ቀለም ጨርሱት።

ቀጥሎ ዞኮሎ፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ ወለሉን ተከትሎ የሚዞረው ጠርዝ፣ የበርና የመስኮት ፍሬም። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም የለበሰ ሰው ረዘም ብሎ ይታያል፤ ወገቡ ላይ ሰፊ ነጭ ቀበቶ ሲያስር ለሁለት ይከፈላል። ጠቆር ባለ ግድግዳ ላይ የሚዞር ነጭ ዞኮሎም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በትልቅ ሳሎን ያምራል። በጠባብ ክፍል ግን ዞኮሎውን፣ ፍሬሙን፣ በሩንም ጭምር በግድግዳው ቀለም ቀቡ። ለእነሱ ጠንከር ያለና ወዝ ያለው ዓይነት ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ግን ያው ይሁን። ከቀለም ሥራ ሁሉ በትንሽ ድካም ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ይመስለኛል። ቀለም ቀቢዎች ሲሰሙት ግር ሊላቸው ይችላል። «በር እኮ ነጭ ነው የሚሆነው» ካሏችሁ በጨዋነት እምቢ በሉ።

ይኸው ሕግ ለቁም ሳጥን፣ ለመደርደሪያ፣ ለቧንቧ፣ ለመብራት ሳጥን መክደኛም ይሠራል። ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ትልቅ ቁም ሳጥን የግድግዳውን ቀለም ሲቀባ ዕቃ መሆኑ ይቀርና ግድግዳ ይሆናል። መጋረጃውንም ከግድግዳው ቀለም ጋር ብታቀራርቡት ተጨማሪ ድንበር ይጠፋል።

የመስኮቱ ውስጠኛ ጎኖች፣ ማለትም ከመስታወቱ እስከ ክፍሉ ድረስ ያለው የግድግዳ ውፍረት፣ ከቤቱ ሁሉ ንጹህ ነጭ ይሁኑ፤ ትንሽ ወዝ ያለው ዓይነት። ከውጭ የሚመጣው ብርሃን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚገፋውም እሱ ነው።

ረጅምና ቀጭን ለሆነ ክፍል ወይም ኮሪደር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ችግሩ ርዝመት መብዛቱ ነው። ሁለቱን የጎን ግድግዳዎች ፈዘዝ አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን አጭር ግድግዳ ጠቆርና ሞቅ ባለ ቀለም ቀቡት። ያ ግድግዳ ወደ እናንተ ይቀርባል፤ ክፍሉ ከቱቦነት ይወጣል። አንዱን ግድግዳ ብቻ በተለየ ቀለም መቀባት ጥሩ ምክንያት የሚኖረው በዋናነት እንዲህ ሲሆን ነው። አራቱ ጎኖቹ እኩል በሆኑ ትንሽ ክፍል ውስጥ አንዱን ደማቅ ቀይ መቀባት አንዱን ግድግዳ ወደ አልጋው መግፋት ነው።

ክፍሎቻችሁ በር ለበር የሚተያዩ ከሆነ አንድ ቀለም ይቀጥል። በሩ ሲከፈት ዓይን ሳይቆም ወደ ሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

ሰንበር ስለመቀባት የሚጠይቁም አይጠፉም። የቁም መስመር ቁመት ይጨምራል የሚባለው እንደሚወራው ቀላል አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እንዳሳየው፣ በአግድም መስመሮች የተሞላ ካሬ ረዘም ብሎ፣ በቁም መስመሮች የተሞላው ሰፋ ብሎ ይታያል። ከሚጠበቀው ተቃራኒ ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ ሰንበር ማለት ሌላ ብዙ ድንበር ነው። በጠባብ ክፍል ቢቀር ይሻላል።

ጥቁር ቀለምስ? ይቻላል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ብርሃን በማይገባበት መጸዳጃ ቤት ወይም ማታ ብቻ በሚያገለግል ትንሽ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ጥጎቹን ይውጣቸዋል። ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ በር ሁሉም አንድ መሆን አለባቸው፣ ወዝ የሌለው ቀለም፣ ከአንድ በላይ መብራት። ኮርኒሱን ነጭ አድርጋችሁ ግድግዳውን ብቻ ካጠቆራችሁ ግን ክዳን የተገጠመለት ሣጥን ውስጥ ገባችሁ።

6. ወዙን ወስኑ

ወዝ የሌለው ማት ቀለም ብርሃኑን በታትኖ ስለሚመልስ የግድግዳውን ጎርባጣነት ይሸፍናል። ለኮርኒስና ላልተስተካከለ ግድግዳ እሱ ነው። ሳቲን ትንሽ ወዝ አለው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ለአብዛኛው ግድግዳ ይመቻል። አንጸባራቂው ለበርና ለፍሬም ይሁን። «ብርሃን እንዲመልስ» ብላችሁ ግድግዳውን በሙሉ አንጸባራቂ አታድርጉት። የስቱኮው ጥፋት ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የአምፖሉም ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል።

7. ናሙና ቀብታችሁ ሞክሩ

ከቀለም ካርድ ላይ ብቻ አይመረጥም። አንድ ቀለም አራት ግድግዳ ሲሸፍን ካርዱ ላይ ከታየው ይደምቃል። ብርሃኑ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ በሄደ ቁጥር ቀለሙን በላዩ ላይ ይደርባል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳዎቹ ስለሚቀራረቡ ይህ ይብሳል። ለዚህ ነው ከወደዳችሁት ቀለም አንድ ደረጃ የፈዘዘውን መግዛት የሚሻለው።

ሁለት ወይም ሦስት ቀለሞችን በትንንሹ ግዙ። በትልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀቡና አድርቁት፤ እርጥብ ቀለም እውነተኛ መልኩን አያሳይም። ከዚያ ካርቶኑን በክፍሉ ውስጥ አዙሩት። መስኮቱ አጠገብ፣ ጨለማው ጥግ ውስጥ፣ ዞኮሎው ሥር። ጠዋት እዩት፣ ማታም በራሳችሁ አምፖል እዩት። በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትቀቡ፤ አሮጌው ቀለም ዙሪያውን ሆኖ አዲሱን ያሳስታል።

8. አስሉና ግዙ

በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ለምሳሌ 3 በ3 ሜትር የሆነና ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 12 ሜትር፣ በቁመቱ ሲባዛ 30 ካሬ። በርና መስኮት ወደ 3.5 ካሬ ይቀንሱ፣ 26.5 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲሆን 53 ካሬ፤ በ10 ሲካፈል 5.3 ሊትር። ኮርኒሱ 9 ካሬ ነው፣ ለሁለት እጅ 1.8 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ሸካራ ወይም አዲስ ስቱኮ የተመታ ግድግዳ የበለጠ ይጠጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። ከአንድ በላይ ጣሳ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አዋህዱት፤ በሁለት ጣሳ መካከል ያለች ትንሽ ልዩነት ግድግዳ መሃል ላይ ትታያለች።

9. አዘጋጁና ቀቡ

እርጥበት ካለ መጀመሪያ ምንጩ ይደፈን። ቀለም እርጥበትን አያቆምም፤ ጥቂት ቆይቶ ይላጣል። የተላጠውን ፍቁ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ። ቤቱ የቆየ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። በደረቁ አትፋቁት፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ባለሙያ አማክሩ። ከጥቁር ወደ ነጣ ያለ ቀለም የምትሄዱ ከሆነ ወይም ስቱኮው አዲስ ከሆነ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ቀድሞ ይቀባ።

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ሂዱ፦ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በመጨረሻ በርና ዞኮሎ። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ጠርዙን በብሩሽ ቀድማችሁ ቀቡና ሳይደርቅ በሮለር ሙሉት። ጠርዙ ደርቆ ከቆየ በዙሪያው ክፈፍ ይወጣል፤ ስናጠፋው የከረምነው ድንበር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ግድግዳ መሃል ላይ አታቋርጡ። በአንደኛውና በሁለተኛው እጅ መካከል ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ፣ መስኮትም ክፈቱ። ጠርዝ እንዳይነካ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ከሆነ የመጨረሻው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱት።

አንደኛው እጅ እንዳለቀ ክፍሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ያስደነግጣል። ቀለሙን አትርገሙ፤ ሁለተኛውን ጠብቁ።

የተረፈውን ቀለም በትንሽ የሚገጠም ዕቃ አስቀምጡትና የቀለሙን ኮድ፣ የወዙን ዓይነትና ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉ። ዕቃ በተጠጋጋበት ክፍል ግድግዳ ቶሎ ይጫራል፤ ሌላ ቦታ ተቀይጦ የመጣ «ያው ቀለም» ደግሞ ጭረቱ ላይ ሲቀባ ከሩቅ ይታወቃል።